አበበ ቢቂላ ያልደረሰበት ምስል

አጎቴ ከጫት ጫኝ አይሱዙ ላይ የወደቀ ቀን ድሬ ጠያራ ነበርኩ። ላፕቶፔን ዘግቼ ስሮጥ ሰዎች ብብቱን ይዘው ሊያቆሙት ይታገላሉ። ሐኪም ቤት ራጅ ተነሳ፤ አንድ የአከርካሪ አጥንቱ ተሰብሯል ተባለ። ከዚያ ሐኪሙ የኤምአርአይ ማዘዣ ጻፈ። አጎቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ "አቦ፣ ስብራቱን አይተውት የለ? ደግሞ ምን ፍለጋ ነው?" አለኝ።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት ሳነብ አደርኩ። ንባቡ ሳላስበው አበበ ቢቂላ ጋ አደረሰኝ።

አበበ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ሮም ነው፦ በፈረንጆቹ 1960፣ በባዶ እግሩ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1969) ሌሊት ግን የሚነዳት መኪና ተገለበጠች። አንገቱ ተጎድቶ ከዚያ በታች ያለው ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። በሳምንቱ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ገብቶ 8 ወር ታከመ። መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። እጆቹ በኋላ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን እንደቀሩ ቀሩ።

የዚያ ዘመን ሐኪም ዋና ዓይኑ ራጅ ነበር። አከርካሪን እንደ ቱቦ አስቡት፤ በውስጡ ከአንጎል ትእዛዝ የሚያመላልሰው ገመድ፣ ህብለ ሰረሰር፣ ያልፋል። ራጅ ቱቦውን ያሳያል፤ ገመዱን አያሳይም። ቢበዛ ጀርባ ላይ በመርፌ ቀለም አስገብተው የገመዱን ጥላ ይፈልጉ ነበር።

በመጋቢት 1965 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1973) አሜሪካዊው ኬሚስት ፖል ላውተርበር በማግኔት የተሠራ አንድ ምስል ኔቸር መጽሔት ላይ አወጣ። ምስሉ ውሃ የያዙ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች እንጂ ሌላ አልነበረም። አበበ ከ7 ወር በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሞተ። የሰው አካል በኤምአርአይ የታየው በፈረንጆቹ 1977 ነው፤ ያ አንድ ምስል 5 ሰዓት ገደማ ፈጀ።

ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ በብዛት የሚታየው የኤምአርአይ ማግኔት 1.5 ቴስላ ነው፤ ከመሬት ማግኔት 30 ሺህ ጊዜ ያህል ይበረታል። በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን አሰልፎ በሬዲዮ ሞገድ ይነካካዋል፤ ተመልሶ የሚመጣውን ምልክት ኮምፒውተር በፉሪየር ትራንስፎርም ወደ ምስል ይለውጠዋል። አዎ፣ ዩኒቨርሲቲ ለፈተና ብቻ የሸመደድነው ያ ቀመር! ውሃ ስለሚያይም ራጅ የሚያመልጠውን ያገኛል፦ ህብለ ሰረሰሩ ተጨፍልቋል ወይ? ደም ወይም ዲስክ እየተጫነው ነው? አጥንቶቹን የሚያስሩት ጅማቶች ተበጥሰዋል? ስብራቱ የትናንት ነው ወይስ የቆየ? ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ውሳኔ በአብዛኛው እነዚህ መልሶች ላይ ይንጠለጠላል።

ታዲያ ኤምአርአይ ቢኖር አበበ ይራመድ ነበር? እንደዚያ ማለት አይቻልም። ኤምአርአይ ያሳያል እንጂ የሞተ ነርቭ አያስነሳም። ስቶክ ማንዴቪልን ስመ ጥር ያደረገውም ማሽን አልነበረም። ከናዚዎች ሸሽቶ የመጣው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1944 ክፍሉን ሲከፍት፣ ሽባ የሆነ ሰው በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ይሞታል ተብሎ የተተወ ነበር። እሱ በሽተኞቹን በየ2 ሰዓቱ አገላብጡ አለ፤ ስፖርትም አስጀመራቸው። አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ በ8ኛው ቀን እዚያው ከተማ የተከፈተው የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። አበበም በ1970 የስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች ላይ በዊልቸር ሆኖ ቀስት ወርውሯል።

የአጎቴ ውጤት ደህና ሆነ። ስብራቱ አዲስ ነው፤ ህብለ ሰረሰሩም ጅማቶቹም አልተነኩም። ያለ ቀዶ ጥገና፣ በጀርባ መደገፊያ ይድናል ተባለ። እኔን ግን እነዚያ ብብቱን የያዙ እጆች አልለቀቁኝም። ክፋት አልነበራቸውም፤ ሊረዱት ነው። አጥንቱ ትንሽ ቢንሸራተት ኖሮ ግን ኤምአርአዩ የሚያሳየን ሌላ ነገር ነበር። ስለዚህ የወደቀ ወይም መኪና የተገለበጠበት ሰው ስታገኙ፣ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላሰጋ በቀር አታንሱት። ጭንቅላቱን በእጃችሁ ደግፋችሁ እርዳታ ጥሩ። ማንሳት ግድ ከሆነም ብዙ ሆናችሁ፣ አንገቱና ወገቡ ሳይታጠፍ እንደ ግንድ አንድ ላይ አንሱት።

ለአጎቴም በመጨረሻ መልስ ሰጠሁት። "አጥንቱን አይደለም የፈለጉት፤ ውስጡ ያለውን ገመድ ነው" አልኩት።

"አቦ፣ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትለኝም!" አለኝ።