ቁጥር ስም ሲሆን፦ ስለ ትራክተር ስያሜ ታሪክ

«ትራክተር» የሚለው ቃል «ጎተተ» የሚል ፍች ካለው የላቲን ግሥ የተገኘ ነው። አማርኛ ቃሉን እንዳለ ተቀብሎ ከሞፈርና ከቀንበር ጎን አኑሮታል፤ በምዕራብ ሸዋ፥ ከአምቦ እስከ ካቺሲ በሚነገረው ኦሮምኛም ቃሉ በውሰት ገብቷል። እንግዲህ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ ለተርጓሚ አስቸጋሪው ቃሉ ሳይሆን ከቃሉ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ነው።

በአገራችን ከታወቁት ትራክተሮች አንዱን እንመልከት። ማሴይ ሃሪስና ፈርጉሰን የተባሉት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1953 ተዋሕደው፥ በ1958 ማሴይ ፈርጉሰን ተባሉ። «35» የተባለው ትራክተራቸው ጉልበቱ ወደ 35 ፈረስ የሚጠጋ በመሆኑ፥ ቁጥሩ ስምም መጠንም ሆኖ አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1964 በ«135» ተተካ። የሁለቱም ኮፈን ቀይ ነው፤ ከ1959 ወዲህ የተሠራው «35»ም እንደ «135» ሁሉ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር አለው። ዓይን የሚለያቸው በኮፈናቸው ቅርጽ ነው፤ የቀድሞው ክብነት ያለው፥ የኋለኛው ማዕዘን የወጣለት ነው። ይሁን እንጂ የ«135» ጉልበት ወደ 45 ፈረስ ብቻ ነው። በፊቱ የተጨመረው 1 የአዲሱ ተከታታይ ምልክት እንጂ የመቶ ፈረስ ጉልበት አይደለም።

ከአብዮቱ በኋላ የተስፋፋው የሚንስክ ሥሪት ቤላሩስም ይህንኑ ያስተምረናል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በናዝሬት፥ በዛሬዋ አዳማ፥ በተቋቋመው ፋብሪካ ይገጣጠም የነበረው ይኸው ትራክተር ነው። ከሥሪቶቹ መካከል «80» ጉልበቱን ያመለክታል። «82» ግን ሁለት ፈረስ አልጨመረም፤ ሞተሩ ያው ሆኖ፥ የፊት ጎማዎቹም በሞተሩ ኃይል የሚነዱ መሆናቸውን ይገልጻል። ስለዚህ ሁለቱን የሚለየው የፊት አክሱል ነው።

ተርጓሚው «135»ን «ባለ 135 የፈረስ ጉልበት» ቢለው፥ ገዢው ከእውነቱ ሦስት እጥፍ ይጠብቃል። ቁጥሩን ትቶ «ቤላሩስ ትራክተር» ብሎ ቢያልፍ ደግሞ፥ ከካቺሲ መለዋወጫ ፍለጋ የወጣ ገበሬ ለ«80» የተሠራውን የፊት አክሱል ዕቃ ለ«82» ይዞ ሊመለስ ይችላል። የእርሻ ወቅት ስሕተቱ እስኪታረም አይጠብቅም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ትራክተር» ጠቅላላ ስም ሆኖ በመዝገበ ቃላት ይግባ፤ የሥሪት ቁጥር ግን እንደ ተጸውዖ ስም ተቆጥሮ፥ ሳይተረጎምና የመጠን መለኪያ ሳይከተለው፥ በአኃዝ ይጻፍ። ጉልበቱ ለብቻው ይነገር።