ወደ ጨለማው አዳራሽ ማን ይግባ? የተማሪ ፊልሞች ምሽት በጆሃንስበርግ

የዓድዋ ድል ከተገኘ ገና ሁለት ወሩ ነበር። በሜይ 1896 ካርል ኸርትዝ የተባለ አሜሪካዊ አስማተኛ ጆሃንስበርግ ገብቶ፣ ኢምፓየር ፓላስ ኦፍ ቫራይቲስ በሚባለው ቲያትር ቤት ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ለከፋይ ተመልካች ፊልም ካሳዩ ግማሽ ዓመት አልሞላም። ከተማዋም ወርቅ ተገኝቶባት ከተቆረቆረች ገና አሥር ዓመቷ ነበር። ተመልካቾቹ ወርቁ የጠራቸው ነጮች ነበሩ። ወርቁን ከመሬት ሆድ የሚያወጡት ጥቁሮች ግን በዚያ አዳራሽ ቦታ አልነበራቸውም።

ስለ ተማሪ ፊልሞች ምሽት ለማውራት ከዚህ ርቆ መነሣት የተጋነነ ይመስል ይሆናል። ምሽቱ ራሱ ቀላል ነገር ነው። አንድ የፊልም ትምህርት ክፍል በሩን ለሕዝብ ይከፍታል፤ አሥርና ሃያ ደቂቃ የሚረዝሙ ፊልሞች በተከታታይ ይታያሉ። ወላጅ፣ ጓደኛ፣ ያለ ክፍያ የተወነ ተዋናይና ከመንገድ የገባ ሰው አንድ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። መብራት ሲበራ ጥያቄ ይቀርባል። በጆሃንስበርግ ግን ማን ፊልም ይማራል፣ ማን ይሠራል፣ ማን ከማን ጎን ተቀምጦ ያያል የሚለው ነገር ለብዙ አሥርት ዓመታት በመንግሥት የሚወሰን ጉዳይ ነበር።

በ1920ዎቹ ሬይ ፊሊፕስ የተባለ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ፣ ካምፓውንድ በሚባሉት የማዕድን ሠራተኞች ማደሪያ ግቢዎች ፊልም ያሳይ ነበር። ዓላማው ሠራተኛውን ማዝናናት ብቻ ሳይሆን የዕረፍት ሰዓቱን ከመጠጥና ከአመፅ አርቆ መያዝም ነበር፤ ስለዚህ የሚታየው ነገር በጥንቃቄ ይመረጥ ነበር። በ1931 የወጣው የመዝናኛ ሳንሱር ሕግ ምርጫውን የመንግሥት ሥራ አደረገው። አንድ ፊልም ለነጭ ተፈቅዶ ለጥቁር ሊከለከል ቻለ።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ ዓይነት ማሳያም ነበር። ደራሲውና ጋዜጠኛው ሶል ፕላትጄ በ1923 መጨረሻ ከውጭ ሀገር ከተመለሰ በኋላ ተንቀሳቃሽ ማሳያ ይዞ ከቦታ ቦታ እየዞረ ለወገኖቹ ፊልም ያሳይ ጀመር። ካሳያቸው መካከል በአሜሪካ ከሚገኘው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ከተስኪጊ ያገኛቸው ፊልሞች ነበሩበት። ጥቁር ሕዝብ ተሰብስቦ ራሱን የሚመስል ሰው ሲማር በሸራ ላይ አየ። የዛሬው የተማሪ ፊልም ምሽት ዘር ከተፈለገ ከኢምፓየር ፓላስ ይልቅ እዚህ ይገኛል።

1959 ሁለት ነገር ያገናኘ ዓመት ነው። አሜሪካዊው ላየነል ሮጎሲን ስለ ሙዚቃ ፊልም እሠራለሁ ብሎ ባለሥልጣኖቹን ካዘናጋ በኋላ፣ በሶፊያታውን በድብቅ የቀረጸው «ካም ባክ፣ አፍሪካ» ቬኒስ ላይ ታየ። ጽሑፉን አብረውት ያዘጋጁት ሉዊስ ንኮሲና ብሎክ ሞዲሳኔ ነበሩ። ታሪኩ ሥራ ፍለጋ ጆሃንስበርግ የመጣ ሰው ያለ ወረቀት መኖር ሲያቅተው የሚያሳይ ነው። ፊልሙ በሀገሩ ተከለከለ፤ የተቀረጸበት ሰፈርም በዚያው ጊዜ እየፈረሰ ነበር። በዚሁ 1959 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ጥቁር ተማሪ ከሚኒስትሩ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር እንደ ዊትስ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን በር ዘጋበት። አንደኛው እርምጃ የተሠራውን ፊልም አፈነ፤ ሁለተኛው ወደፊት ሊሠራ የሚችለውን ሰው።

በ1970ዎቹ መንግሥት በጥቁሮች ቋንቋ ለሚሠሩ ፊልሞች ድጎማ ይሰጥ ጀመር። ድጎማው በተሸጠው ቲኬት ብዛት ይሰላ ስለነበር ብዙዎቹ በርካሽና በጥድፊያ ተሠርተው በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን አዳራሾች ይታዩ ነበር። ከአዘጋጆቹ ብዙዎቹ የፊልሙን ቋንቋ የማይሰሙ ነጮች ነበሩ። ተመልካቹ የራሱን ቋንቋ እየሰማ የሌላ ሰው ሐሳብ ያይ ነበር ማለት ነው።

አፓርታይድ በወደቀበት በ1994 አፍዳ የተባለው የፊልም ትምህርት ተቋም ጆሃንስበርግ ላይ ተመሠረተ። ተማሪዎች በዓመቱ መጨረሻ ሥራቸውን ለሕዝብ ማሳየታቸው እዚያ የትምህርቱ አካል ሆነ። በ2006 «ጾጺ» የኦስካር ሽልማት ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የአፍዳ ተማሪ የነበረው ትሪስታን ሆምስ ያዘጋጀው አጭር ፊልም «ኢላሊኒ» የአሜሪካው ፊልም አካዳሚ ለተማሪዎች የሚሰጠውን ሽልማት አሸነፈ። እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ግን ለጥቂቱ ነው። የተማሪ ፊልም አከፋፋይ የለውም፤ ቲኬትም አይሸጥበትም። ለብዙዎቹ ያቺ አንድ ምሽት ሙሉ ዕድሜያቸው ናት።

ያቺ ምሽት ምን ልታፈራ እንደምትችል 2008 አሳይቷል። በሜይ ወር ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ በተስፋፋው የውጭ ዜጎች ጥቃት 62 ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነዚህ 21ዱ ራሳቸው ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። ሞዛምቢካዊው ኤርኔስቶ ንሃሙዋቬ ራማፎሳ በሚባለው ሰፈር በእሳት ሲቃጠል የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞረ። ያኔ የሀገሪቱ ፊልም ሠሪዎች ዘረኝነትን በመቃወም ተሰባስበው በፍጥነት አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ሠሩ። ከእነሱ አንዱ «በርኒንግ ማን» ነው። ፊልሙ በፎቶው ላይ ነበልባል ብቻ ሆኖ ለቀረው ሰው ስሙን፣ ቤተሰቡንና መንደሩን መለሰለት። አዘጋጁ አድዜ ኡጋህ ናይጄሪያ ተወልዶ ጆሃንስበርግ አፍዳ የተማረ ነው። በዚያ ሰሞን ከተማዋ «መጤ» የምትለው ሰው የራሷን ትምህርት ቤት ተምሮ የራሷን ቁስል አሳያት።

ለእኛ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የጄፒ መንገድ ስሙ ራሂማ ሙሳ ጎዳና ተብሎ ቢቀየርም አበሻው ዛሬም ጄፒ ነው የሚለው። በፎቆቹ ውስጥ ልብስ፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጠው፣ ሎኬሽን ወርዶ ሱቅ የከፈተው ወገናችን የሮጎሲንን ፊልም ቢያይ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል፤ ወረቀት ማሳደስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃልና። በጥቃቱ ጊዜ ሱቁ የተዘረፈበትና ሕይወቱ ያለፈበት አለ። ጎረቤቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ባለሱቅነቱን ብቻ ነው።

የተማሪ ሥራ ትንሽ እንዳልሆነ ከኃይሌ ገሪማ በላይ ምስክር አያስፈልገንም። በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤ ተማሪ ሳለ በ1972 «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ»ን ሠራ፤ በ1974 ደግሞ ሀገር ቤት መጥቶ ሥርዓቱ ሊወድቅ በቋፍ ላይ ሳለ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸ። የእሱና የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሥራ ዛሬ በብዛት የሚታየው፣ የዩኒቨርሲቲው የፊልም ማኅደር በ2011 ይፋ ባደረገው ፕሮጀክት ፊልሞቹን ሰብስቦና አድሶ ስላቀረበ ጭምር ነው። በተማሪነት ዘመን የተሠራን ፊልም ከሞት የሚያድነው መጀመሪያ ተመልካች፣ ቀጥሎ ግምጃ ቤት ነው።

ዛሬ ጆሃንስበርግ ውስጥ በሩን የሚዘጋ ሕግ የለም። በ2010 ማቦኔንግ የተከፈተውና በኋላ ወደ ሚልፓርክ የተዛወረው ባዮስኮፕን የመሰሉ ትናንሽ ነጻ ሲኒማ ቤቶች አሉ። ይሁንና ከሶዌቶ ወይም ከሎኬሽን ተነሥቶ ማታ ሚልፓርክ መድረስ፣ ፊልሙ ሲያልቅም ታክሲ አግኝቶ መመለስ ሕግ ያልከለከለው ግን ርቀትና ፍርሃት የሚከለክሉት ነገር ነው። መለያየቱን የከተማዋ አሠራር ራሱ ይዞት ቆይቷል።

ስለዚህ ፊልሙን ተመልካቹ ወዳለበት መውሰድ ያስፈልጋል፤ ፕላትጄ ያደረገውም ይህንኑ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጡት ኢትዮጵያውያን ልጆች ለዩኒቨርሲቲ እየደረሱ ነው። ማኅበረሰቡም ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለበዓል የሚሰበሰብባቸው አዳራሾች አሉት። ከእነዚህ በአንዱ፣ በዓመት አንድ ምሽት፣ የጆሃንስበርግ ተማሪዎች አጫጭር ፊልሞች የአማርኛ ጽሑፍ ተጽፎባቸው ቢታዩና ደቡብ አፍሪካውያን ጎረቤቶችም ቢጠሩ ወጪው የአንድ ድግስ ያህል አይሆንም። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሮጀክተርና ነጭ ግድግዳ ይበቃል። ፊልሞቹን ከነአዘጋጆቻቸው ስም መዝግቦ የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ከተገኘ ደግሞ ማኅደሩ ያን ማታ ተጀመረ ማለት ነው።