ኮሶ፦ የአንድ የአገር መድኃኒት ታሪክና ያልተጠየቀው ጥያቄ

ታኒያ ሳጂናታ የተባለው የአንጀት ጥገኛ በአማርኛ የሚታወቀው «የኮሶ ትል» በሚል ስም ነው። ትሉ መጠሪያውን ያገኘው ከሚያስወጣው መድኃኒት ነው፤ በሽታ ስሙን ከፈውሱ ሲወስድ እምብዛም አይታይም። ይህ ብቻውን ኮሶ በሕዝባችን ኑሮ ውስጥ የነበረውን ስፍራ ይናገራል። ጥሬ ሥጋ የክብር ምግብ በሆነበት አገር ትሉ እንደ ነውር ሳይሆን ማንም ሰው እንደሚያጋጥመው ነገር ይቆጠር ነበር፤ መድኃኒቱም የቤት ዕቃ ያህል የተለመደ ነበር።

ሃጌኒያ አቢሲኒካ የተሰኘው ይህ ዛፍ በደጋው ምድር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ይበቅላል። ወንዴና ሴቴ አበባው በተለያዩ ዛፎች ላይ የሚገኝ ሲሆን ለመድኃኒትነት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የጠጣው ሰው ሆዱ እስኪጠረግ ድረስ እህል አይቀምስም፤ ከቤቱም አይወጣም። «ዛሬ ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ እንግዳው ይመለሳል፤ ጉዳዩም ለሌላ ቀን ይተላለፋል። እንቆቆ፣ መተሬና ቀጨሞም ለዚሁ ትል ያገለግሉ ነበር፤ ይሁን እንጂ የኮሶን ያህል ስም ያተረፈ አልነበረም። በገበያ የሚቸረችሩት ድሆች ሴቶች ስለነበሩ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባላንጣዎች ንጉሡን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ያንቋሽሹ እንደነበር ይነገራል። ሁሉም የሚፈልገው መድኃኒት ሻጩን አለማስከበሩ ይገርማል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ደርሶ ዛፉን ተመልክቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ሥዕሉንና አጠቃቀሙን አስፍሯል። ለዕፅዋት ተመራማሪው ጆሴፍ ባንክስ ክብር ሲል ባንኬሲያ አቢሲኒካ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ስሙ ግን አልጸደቀም። ከዚያ በኋላ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ሳለ የኮሶን ኃይል ተረድቶ አበባውን ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ ኩንትም እ.ኤ.አ. በ1824 ብራየራ አንቴልሚንቲካ የሚል ስም ሰጠው። በዚህ ሁኔታ የጎንደር ሰው ለብዙ ዘመን ሲጠጣው የኖረው ተክል የአንድ የፓሪስ ሐኪም መታሰቢያ ሆነ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ገባ፤ መጠኑም 15 ግራም ገደማ እንዲሆን ተወሰነ።

የአውሮፓ ፋርማሲስቶች ከጨመሩት ነገር ሁሉ ዋናው ይህ መለኪያ ይመስለኛል። በአገራችን ኮሶ የሚሰፈረው በእፍኝ ነበር። እፍኝ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። አበባው ሲቆይ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ትኩስ ሲሆን ይበረታል። ባለፈው ዓመት ያልሠራለት ሰው ዘንድሮ እጥፍ አድርጎ ቢጠጣ፣ የዘንድሮው አበባ አዲስ ከሆነ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የአጠጣጡ ድግግሞሽ ነው። ብዙ ተጓዦች አገሬው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ እንደሚጠጣ ጽፈዋል፤ አንዳንዶቹም ይህን እንደ ልማድ ብቻ ተመልክተውታል። ምክንያቱ ግን በትሉ ተፈጥሮ ውስጥ ይገኛል። ኮሶ ብዙ ጊዜ የሚያስወጣው የትሉን ረጅም አካል ነው፤ ራሱ ከአንጀት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከቀረ ትሉ እንደገና ያድጋል፤ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜም ክፍልፋዮቹ ዳግመኛ መውጣት ይጀምራሉ። አያቶቻችን ራሱን ሳያዩ ዑደቱን ያውቁ ነበር። ይሁንና ድግግሞሹ መርዙንም ደጋገመው።

ኮሶቶክሲንን የመሳሰሉት በአበባው ውስጥ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች፣ በአውሮፓ ለዚሁ ትል ይሰጥ በነበረው ድራዮፕቴሪስ ፊሊክስ ማስ በተባለው ፈርን ውስጥ ካሉት ጋር የቅርብ ዝምድና አላቸው። ፈርኑ የዓይን ነርቭን ጎድቶ እስከ መታወር እንደሚያደርስ የታወቀ ነው። በኮሶ መመረዝ ስለሚከተል የዓይን ጉዳትም እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ ጽሑፍ ወጥቷል። ነፍሰ ጡር ሴት ኮሶ ከጠጣች ሊያስወርዳት እንደሚችልም ሕዝቡ ራሱ ያውቃል፤ ለዚሁ ዓላማ ሆን ብለው የጠጡ ሴቶች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ይህን ሁሉ ከማንበቤ በፊት፣ ገና ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ፣ ዓይናቸው በድንገት የደከመ አንድ አዛውንት ወደነበርንበት ክፍል መጡ። «የወሰዱት መድኃኒት አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የለም ልጄ» አሉኝ። በካርዳቸው ላይም እንደዚያው ጻፍሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ነርስ ኮሶን በስሙ ጠርታ ስትጠይቃቸው «ኮሶማ ጠጥቻለሁ፤ ዶክተሩ የጠየቀኝ ስለ መድኃኒት ነው» ብለው መለሱ። አዛውንቱ አልዋሹም። ለእርሳቸው መድኃኒት ማለት ከፋርማሲ የሚገዛው ነበር። የተሳሳተው የእኔ ጥያቄ ነው። የዓይናቸው ብርሃን በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒክሎሳማይድ፣ ቆይቶም ፕራዚኳንቴል ሥራ ላይ ከዋሉ ወዲህ ኮሶን የሚያስመርጥ የሕክምና ምክንያት አልቀረም። ሆኖም የዕፅዋት ነገር በኮሶ አላበቃም። ዛሬ አብሽ በእንክብል ታሽጎ፣ ጥቁር አዝሙድ በዘይት መልክ በጠርሙስ ሆኖ፣ ውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ ጭምር ይላካል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የምግብ ማሟያዎች ሕግ መሠረት አምራቹ ምርቱን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ደኅንነቱንና ፈዋሽነቱን ለመንግሥት አስመስክሮ ፈቃድ እንዲያገኝ አይገደድም። በብልቃጡ ላይ የግራም ልክ መጻፉ እፍኙን ያስቀረ ይመስላል፤ ነገር ግን የስኳር ሕመምተኛው አብሹን ከሚወስደው ክኒን ጋር ሲደርበው ስኳሩ ምን ያህል እንደሚወርድ ብልቃጡ አይነግረንም። ሕመምተኛውም «ምግብ ነው» ብሎ ስለሚያስብ አይነግረንም።

እኔ ከአዛውንቱ ወዲህ በስም እጠይቃለሁ፦ ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፤ መቼ፣ በምን ያህል መጠን፣ ከምን ጋር። አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ መልሱንም መድኃኒት በሚጻፍበት መስመር ላይ እጽፈዋለሁ።