የመንዝ ጓሳ፦ ርስት፣ ሣርና ቀይ ቀበሮ

የመንዝ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው መንዝን ትተው ስለ ሄዱት ነው። ነጋሲ ክርስቶስ ወርደ ቃል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በመንዝ ካለችው አጋንቻ ተነሥተው የሸዋን ሥርወ መንግሥት መሠረቱ። ዕውቅና ፍለጋ ጎንደር ዘልቀው እዚያው ዐረፉ። ልጃቸው ስብስቴና የልጅ ልጃቸው አቢዬ ግዛቱን አሰፉት፤ በአምኃ ኢየሱስ ዘመን መናገሻው ወደ አንኮበር ዞረ። ከዚህ በኋላ ትረካው የሳህለ ሥላሴ፣ ቀጥሎም የዐፄ ምኒልክ፣ በመጨረሻም የአዲስ አበባ ይሆናል። መንዝ የነገሥታት መፍለቂያ ተብላ ትወደስና በዚያው ትረሳለች።

ነገር ግን ያች ትንሽ የደጋ መንግሥት በተጸነሰችበት ዘመን እዚያው አፋፍ ላይ ሌላ ተቋምም ተወልዷል። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ከነአካቴው ሲሻር፣ ይህኛው ተሰባብሮ እንኳ መልሶ ለመቆም በቅቷል። ይህም የጓሳን ምድር ያስተዳድር የነበረው የቄሮ ሥርዓት ነው። የመንዝ ታላቅ ውርስ የቱ ነው ብባል ከአንኮበር ዙፋን ይልቅ ይህን አስቀድማለሁ።

ጓሳ የመንዝ ክፍሎች ከሆኑት ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ ምድር በሦስተኛው፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ውርጫም አምባ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምርና ከ3,600 ሜትር በላይ ይወጣል። በምሥራቅ በኩል መሬቱ በገደል ተቆርጦ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል፤ በዚያ ወገን የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ የሚወርደው በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስሙን የሰጠው ጓሳ ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው፤ ከእርሱ ጋር አስታና ጅብራ ይበቅላሉ። ገብስ እንኳ በውርጭ በሚመታበት በዚህ ከፍታ ሣሩ ራሱ ሰብል ነው ማለት ይቻላል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድና ጅራፍ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል፤ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የመንዝን በግና ከብት ከሞት የሚያተርፈው እርሱ ነው። በበዓል ዋዜማ አዲስ አበባ የሚገባውን የመንዝ በግ የሚገዛ ሰው ከበጉ ጀርባ ያለውን ይህን ሣር አያየውም።

የአካባቢው ትውፊት ሥርዓቱን ያቆሙት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ናቸው ይላል። መሬቱን የያዙት ዘሮቻቸው የመጠቀም መብትን በትውልድ ሐረግ ይወርሱ ነበር። ተጠቃሚዎቹ በየአጥቢያቸው ተደራጅተው አለቆቻቸውን ይመርጣሉ፤ አለቆቹ ጓሳው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ይወስናሉ። እንደ ሣሩ ይዞታ ምድሩ 3፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። ሲከፈት በበጋ፣ ሌላው ግጦሽ ሁሉ በደረቀበት ወቅት ነው፤ ክረምቱ ሲቃረብ ከብቱ ወጥቶ እንደገና ይዘጋል። በመካከሉ ተደብቆ ሣር ያጨደ ወይም ከብት ያስገባ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት ቀላል አልነበረም። ሥርዓቱን በሳይንሳዊ ጥናት ለዓለም ያስተዋወቁት ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ናቸው፤ ከናይጄል ሊደር-ዊሊያምስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጽሑፍ ስለ ጋራ ሀብት አስተዳደር በሚደረገው ክርክር ውስጥ ዛሬም ተፈላጊ ነው።

ክርክሩ ራሱ የቆየ ነው። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 የጋራ ግጦሽ ማለቁ እንደማይቀር ጽፎ ነበር፤ ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ሕግ አውጥተው የጋራ ሀብትን ለዘመናት ሊያቆዩ እንደሚችሉ ከየአገሩ በተሰበሰበ ማስረጃ አሳይታ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ጓሳ የኦስትሮምን ወገን ይደግፋል። ሆኖም አንድ ነገር ሳይድበሰበስ መነገር አለበት። ቄሮ የእኩልነት ሥርዓት አልነበረም። ከአስቦም ከጌራም ዘር ያልሆነ ሰው ድንበሩ ላይ ቆሞ ማየት ብቻ ነበር ዕጣው። ሣሩ የተረፈውም በከፊል ብዙ ሰው ስለ ተከለከለ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ፣ ለዘመናት የተገፉት ወደ ጓሳ መግባታቸው ፍትሕ ነበር፤ የገበሬ ማኅበራት የአለቆቹን ቦታ የያዙትም በዚሁ ፍትሕ ስም ነው። ጉዳቱ የመጣው አሮጌው ሕግ ሲሻር በቦታው የመዝጊያና የመክፈቻ ሕግ ስላልተተካ ነው። እርሻው ወደ ላይ ገፋ፣ ግጦሹም ወቅት አጣ።

ማኅበረሰቡ ግን ዝም ብሎ አላየም። የገበሬ ማኅበራቱ ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ቆመ፤ በኋላም ከፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ድጋፍ ጋር ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ ሆኖ በክልሉ ዕውቅና አገኘ። መዝጋትና መክፈቱ ተመለሰ፤ የትውልድ ሐረግ መስፈርቱ ግን ቀረ። በእኔ አመለካከት የመንዝ ሰው የሠራው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ከአባቶቹ ሕግ አድልዎውን ትቶ ጥበቡን መያዙ።

የዚህ ሁሉ ትሩፋት ማንም ያላሰበለት አንድ አውሬ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ይኖራል፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው ያለው። በሰሜን ሸዋው ጎሽ ሜዳና በጎጃሙ ጮቄ ተራራ ዘሩ ጠፍቷል። ጓሳ ላይ ግን አለ። አስቦና ጌራ ቀበሮ እንጠብቅ ብለው አልተነሡም፤ ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ በዛ፣ አይጡ ሲበዛ ቀበሮው ቆየ። የዱር እንስሳትን ከሰው ለይቶ ማጠር ብቸኛው መንገድ ነው ለሚሉ ሁሉ ይህ ብርቱ መልስ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ማብቂያ ጀምሮ በጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ያዩት ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጭላዳዎች ቁጢጥ ብለው ሣር እየነጩ ሲበሉ ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ይገባል። ውሻ ቢመጣ ጮኸው ወደ ገደሉ ይሮጡ ነበር፤ ቀበሮውን ግን ቀና ብለው አይተው ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ። እርሱም እርምጃውን ዝግ አድርጎ፣ ድንገት ሳይዘል፣ ግልገሎቻቸውን እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ካደረጋቸው ሙከራዎች 67 በመቶው ሲሳካ፣ ያለ እነርሱ ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ እንደ ሆነ አሳይተዋል። ምናልባት የመንጋው እንቅስቃሴ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸው ይሆናል፤ ምናልባትም ቀበሮው በመንጋው ይሸሸግ ይሆናል። አንድ ጊዜ ግልገል ሊነጥቅ የሞከረ ቀበሮ በጎልማሶቹ ተባሮ ግልገሏን ጥሎ ሸሽቷል፤ ተመልሶ እንዳይገባም ከልክለውታል።

ዛሬ ጓሳን የሚያሰጋው ከታች ያለው የሰው ኑሮ ነው። ከእረኛ ጋር የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀበሮዎቹ ሊያመጣ ይችላል፤ በባሌ ይህ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ስለዚህ የውሻ ክትባት በመንዝ ቀበሌዎች እንደ ከብት ክትባት መደበኛ ሥራ መሆን አለበት። ከዚህ የሚከብደው የመሬት ጥያቄ ነው። በአማራ ክልል መሬት ለመጨረሻ ጊዜ በስፋት የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ ያደገ ወጣት የእርሻ መሬት የሚያገኘው ከአባቱ ድርሻ ተቆርሶ ነው። ለዚህ ወጣት ታጥቦና ታጥኖ የተቀመጠ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ማየት ቀላል አይደለም። የጓሳ አስተዳደር ይህን ወጣት እንደ ሕግ ጣሽ ብቻ ካየው የድሮውን የዘር አጥር በዕድሜ አጥር ተካ ማለት ነው። በጓሳ አስተዳደር ውስጥ ድምፅ ያለው ወንበር፣ ማኅበረሰቡ ከሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ ገቢ ድርሻ፣ ሣሩ ሲከፈትም መሬት ለሌለው ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል፤ እነዚህን በመተዳደሪያ ደንብ ለማጽናት ደግሞ ከመንዝ ሰው በላይ ልምድ ያለው የለም።