አስትሮራድ፦ ከፀሐይ ማዕበል የሚከልል ሰደርያ

ጨረር የሚመከተው በእርሳስ ነው ብሎ ለሚያስብ ጎብኚ ለጠፈርተኞች የተዘጋጀው የዚህ ሰደርያ ከፕላስቲክ መሠራት እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። በሆስፒታል የራጅ ክፍል እርሳስ ተገቢ ነው፤ የተቆጣች ፀሐይ የምትረጨው ግን በአብዛኛው ፕሮቶን ነው። ፈጣን ፕሮቶን ከባድ አቶም ሲመታ ሌሎች ጎጂ ቅንጣቶችን ይወልዳል። ሃይድሮጂን የበዛበት ፖሊኢትሊን ግን ክብደቱ ሳያስቸግር ያዘገየዋል፤ የሚወለዱት ቅንጣቶችም ያነሱ ናቸው። ታዲያ የመንኮራኩሩን ግድግዳ ሁሉ በዚሁ ማወፈር አይሻልም? እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ነዳጅ ስለሚጠይቅ አይሻልም። በጠባብ መጠለያ መሸሸግም ይረዳል፤ ነገር ግን ማዕበሉ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ሥራውም አይቆምም። የሚለበስ መከላከያ ከለባሹ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ የሚወፍረውም ቀድመው የሚጎዱት አካላት፣ በተለይ ደም የሚያመርተው መቅኔ፣ ሳንባ፣ ጨጓራ፣ ጡትና የእንቁላል እጢ ባሉበት ነው።

ስጋቱ የሐሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1972፣ በአፖሎ 16 እና በአፖሎ 17 ጉዞዎች መካከል፣ ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል ተነሥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ በጨረቃ መንገድ ላይ ሰው አለመኖሩ ዕድል እንጂ ጥንቃቄ አልነበረም። ሰደርያው ከጋላክሲ የሚመጣውን እጅግ ብርቱ ጨረር ሊያቆም አይችልም የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ይሁንና የዚያ ጨረር ጉዳት በወራትና በዓመታት የሚጠራቀም ሲሆን፣ ማዕበሉ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊያሳምም ይችላል። መጀመሪያ መመከት ያለበት እሱ ነው። ሰደርያውን ለመፈተሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሄልጋና ዞሃር የተባሉ፣ የጨረር መለኪያዎች የተተከሉባቸው ሁለት የሴት አካል ቅርጾች ሰው ባልነበረበት የአርቴሚስ 1 በረራ ወደ ጨረቃ ሄደው ተመልሰዋል። ሰደርያውን ለብሳ የነበረችው ዞሃር ብቻ ናት።