የክንፎቹ ትቢያ፤ ስለ ጋዝ ተርባይን ኮምፕረሰር ታሪክ

የጋዝ ተርባይንን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወድሱት እሳቱን፣ ይኸውም የነደደውን ጋዝ ኃይልና ያን ትኩሳት ችሎ የሚሽከረከረውን ብረት ነው፤ እኔ ግን የዚህ ማሽን ዕጣ ከጥንቱ አንሥቶ የተወሰነው ከእሳቱ በፊት ባለው ክፍል፣ አየሩን ከውጭ ስቦ በሚያምቀው በኮምፕረሰሩ መሆኑን አምናለሁ፤ ታሪኩም ይህን ይመሰክርልኛል።

ጀርመናዊው ፍራንዝ ሽቶልዘ፣ በ1872 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የነደፈው የጋዝ ተርባይን ከብዙ ዘመን በኋላ በበርሊን ተሠርቶ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ሲሞከር፣ ተርባይኑ ያፈለቀውን ጉልበት ኮምፕረሰሩ እየዋጠው ለሌላ ሥራ የሚተርፍ ኃይል ሳይገኝ ቀረ። በ1903 ኖርዌያዊው ኤጊዲዩስ ኤሊንግ ለራሱ ከሚያስፈልገው አልፎ ትርፍ የሚሰጥ ማሽን ለማስነሣት ቢበቃም፣ ትርፉ 11 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። የጉድለቱን ምሥጢር የገለጠው፣ በ1926 እንግሊዛዊው አላን አርኖልድ ግሪፊዝ ነው፤ በኮምፕረሰሩ ውስጥ የሚዞሩት ክንፎች በአውሮፕላን ክንፍ አምሳል ተቀርጸው አየሩን በለሆሳስ መሸኘት ሲገባቸው፣ ቅርጻቸው ስለማይስማማ አየሩ ከገጻቸው እየተላቀቀ ይታወክ እንደ ነበር አስረዳ።

ከዚያ 13 ዓመት ቆይቶ፣ ብራውን ቦቨሪ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ለኑሻቴል ከተማ የኤሌክትሪክ ጣቢያ የሠራው ማሽን ለፈተና ቀረበ። ፈታኙም የተርባይን ሊቃውንት ሁሉ እንደ መምህር የሚያዩት፣ ዕድሜው 80 ዓመት የሞላው አውሬል ስቶዶላ ነበር። በሐምሌ ወር 1939 በተደረገው በዚያ ፈተና የተገኘው ቁጥር እስከ ዛሬ ሊጤን ይገባዋል፤ ተርባይኑ ካፈለቀው 15,400 ኪሎዋት ውስጥ 11,400ው ወደ ኮምፕረሰሩ ተመልሶ ሲሄድ፣ ለከተማው የተረፈው 4,000 ኪሎዋት ብቻ ነበርና። እንግዲህ ይህ ኮምፕረሰር በአንዳች ምክንያት ከልማዱ 2 በመቶ ብቻ የሚበልጥ ጉልበት ቢጠይቅ፣ ኪሳራው 228 ኪሎዋት ነው፤ ይኸውም ከተማው ከሚደርሰው ኃይል ወደ 6 በመቶ የሚጠጋውን ይወስዳል። ሽቶልዘን ያሸነፈው ጉድለት በግሪፊዝ ጥበብ ተወገደ እንጂ አልሞተም፤ ወደ ክንፎቹ የሚመለስበትን ጊዜ ይጠብቅ ነበር፤ የሚመልሰውም ትቢያ ነው።

ታላላቆቹ የዛሬ ተርባይኖች በየሴኮንዱ ከ500 ኪሎ ግራም የሚበልጥ አየር ይስባሉ፤ በሚሊዮን ኪሎ አየር ውስጥ አንድ ኪሎ ብናኝ ብቻ ቢኖር እንኳ፣ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ43 ኪሎ በላይ ብናኝ ወደ ማሽኑ ይገባል ማለት ነው። ግዙፉ አሸዋ ክንፉን እየፋቀ ሲያልፍ፣ ዐይነ ሥጋ የማያየው፣ ከ10 ማይክሮን ያነሰው ረቂቁ ጥላሸትና ጨው ግን፣ ይልቁንም የዘይት ተን ካገኘው፣ በክንፉ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ለስላሳው ገጽ ይሻክራል፤ የአየሩ መተላለፊያ ይጠብባል፤ የሚታመቀው አየር መጠን ያንሳል፤ ማሽኑም ሳይሰበርና ሳይጮኽ፣ ነዳጁን እንደ ቀድሞው እየበላ ኃይሉ ይደክማል። ጉዳቱ የሚበረታው አየሩን በግንባር በሚቀበሉት በፊተኞቹ ረድፎች ላይ ነው።

የቀደሙት ሠራተኞች መድኃኒቱን ከጓዳ ፈለጉ፤ ማሽኑ እየዞረ ሩዝ ወይም ተፈጭቶ የደቀቀ የዋልነት ቅርፊት በአየር መግቢያው ይጨምሩበት ነበር፤ ፍሬውም ክንፉን እየመታ እድፉን ያራግፈዋል። በዘመኑ ብልሃት የሞላበት ሥራ እንደ ነበር መካድ አይገባም። ኋላ ግን ክንፎቹ ከዝገት የሚጠብቃቸው ቅብ ሲቀቡ ቅርፊቱ ቅቡን ይልጥ ጀመር፤ በትኩሳቱ ክፍል ያሉት ክንፎችም በጥቃቅን ቀዳዳዎች በሚያልፍ አየር መቀዝቀዝ ሲጀምሩ፣ የቅርፊቱ ርዝራዥ ቀዳዳዎቹን ሊደፍን የሚችል ሆነ። ስለዚህም ፍሬው ቀርቶ ከማዕድን የጠራ ውሃና ሳሙና ተተካ፤ በባሕር ላይ ላሉት ማሽኖች ደግሞ፣ ጨው በውሃ የሚሟሟ ነውና፣ ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነበር።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ሌሊቱን የሚያበራው መብራት በብዛት ከጋዝ ተርባይን የሚመነጭ በመሆኑ፣ የአሸዋው ማዕበል በሚነሣበት ሰዓት ሁሉ በአየር መግቢያው ላይ ያለው የአቧራ ማጣሪያ ይፈተናል፤ በዚያ የሚያገለግሉት ማጣሪያዎች በውስጣቸው የታመቀ አየር በድንገት ወደ ኋላ እየተነፋባቸው አቧራቸውን ራሳቸው ያራግፋሉ። ይሁን እንጂ ከማጣሪያው የሚያመልጠው ያው ረቂቁ ነው። ማሽኑ ሳይቆም የሚረጭበት ውሃ እድፉን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያስወግደውም፤ ፈጽሞ ለማጽዳት ማሽኑ መቆም፣ መቀዝቀዝ፣ በሳሙና መዘፍዘፍና ደጋግሞ መታጠብ አለበት፤ በዚያ ጊዜም አንዳች ኃይል አይሰጥም። የጣቢያው ኃላፊም የእድፉንና የመቆሙን ኪሳራ እያመዛዘነ የሚታጠብበትን ቀን ይቆርጣል።