የፋብሪካ እገዛ (ኪት አውሮፕላን)

የፋብሪካ እገዛ ማለት በኪት የተገዛ አውሮፕላን የሚሠራ ግለሰብ ሥራውን በጋራዡ ብቻውን ከሚጨርስ ይልቅ ኪቱን ወደሚያመርተው ድርጅት ሄዶ፣ በድርጅቱ ባለሙያዎች እየተማረና በድርጅቱ መሣሪያዎች እየተጠቀመ የራሱን አውሮፕላን የሚሠራበት አሠራር ነው። በተለይ በዩናይትድ ስቴትስ ተስፋፍቷል። አከራካሪ ያደረገው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህም ፋብሪካው ብዙ ካገዘ አውሮፕላኑን የሠራው ማን ነው የሚለው ነው። ጥያቄው የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገሪቱ ሕግ አውሮፕላኑ የመብረር ፈቃድ ማግኘት አለማግኘቱ የሚወሰነው በመልሱ ነው።

ዳራ

በቤት የሚሠሩ አውሮፕላኖች ከአቪየሽን ጅማሬ ጀምሮ የነበሩ ናቸው። በአሜሪካ ግን ሠሪዎቹ በስፋት ተደራጅተው መንቀሳቀስ የጀመሩት ፖል ፖበሬዝኒ በ1953 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ግዛት የሙከራ አውሮፕላን ማኅበርን ካቋቋመ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሠሪው የሚገዛው ንድፍ ብቻ ነበር። እንጨቱን፣ የብረት ቱቦውንና ጨርቁን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ቆርጦ ያዘጋጃል። ብዙ ሥራ ተጀምሮ ሳያልቅ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነበር።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ክፍሎቹን አስቀድሞ ቆርጦና ቀርጾ በሣጥን የሚልከው የኪት ኢንዱስትሪ አደገ። በኦሪገን ግዛት የሚገኘውና በሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የተመሠረተው ቫንስ ኤርክራፍት በአሉሚኒየም ላሜራ የሚሠሩትን «አር ቪ» የተባሉ አውሮፕላኖች በማቅረብ ከሁሉ የላቀ ገበያ አገኘ። ሆኖም መደበኛ የ«አር ቪ» ኪት እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,000 ሰዓት የሚደርስ ሥራ ይጠይቃል። ቅዳሜና እሑድን ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ የብዙ ዓመታት ሥራ ነው። ድርጅቶች በከፊል ተገጣጥመው የሚመጡ «ፈጣን ኪቶች»ን፣ ቀጥሎም የፋብሪካ እገዛን ያመጡት ይህን ጊዜ ለማሳጠር ነው።

የ51 በመቶ ደንብ

የአሜሪካ ፌዴራል አቪየሽን አስተዳደር አንድን አውሮፕላን «በአማተር የተሠራ» ብሎ የሙከራ ምድብ የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው፣ የአውሮፕላኑን አብዛኛውን ክፍል ያመረቱትና የገጣጠሙት ሰዎች ሥራውን የጀመሩት ለራሳቸው ትምህርት ወይም መዝናኛ ብቻ ከሆነ ነው። «51» የሚለው ቁጥር በደንቡ ውስጥ የለም፤ ደንቡ የሚለው «አብዛኛው ክፍል» ነው። ስሙን ያወጡለት ሠሪዎቹ ናቸው።

አብዛኛው የሚለካው በክብደት፣ በዋጋ ወይም በሰዓት ብዛት አይደለም፤ በሥራ ዓይነት ነው። አስተዳደሩ ክንፍን፣ የጅራት ክፍልን፣ አካልን፣ የማረፊያ እግርንና የመቆጣጠሪያ ክፍሎችን ወደ ተናጠል ተግባራት የከፋፈለ የማመሳከሪያ ሰንጠረዥ አለው። እያንዳንዱን ተግባር ኪት አምራቹ፣ በክፍያ የቀረበ እገዛ ወይም አማተሩ ሠሪ እንደሠራው በሰንጠረዡ ላይ ይመዘገባል። ሞተር፣ ፕሮፔለር፣ ጎማ፣ ፍሬንና የበረራ መሣሪያዎች ተገዝተው ቢገቡ ሠሪውን አይጎዱትም፤ ማንም በጋራዡ ሞተር እንዲሠራ አይጠበቅበትምና። በአንጻሩ ቀለም መቀባትና ወንበር ማልበስ የቱንም ያህል ቢያደክሙ ለሠሪው ነጥብ አያስገኙም።

ለፋብሪካ እገዛ በር የከፈተው ተደጋጋሚ ሥራዎች የሚቆጠሩበት መንገድ ነው። አንድ ክንፍ በውስጡ እንደ ጎድን አጥንት የተደረደሩ ብዙ ተመሳሳይ ክፍሎች አሉት። ሠሪው ሁሉንም በእጁ እንዲያመርት አይገደድም፤ የሥራውን ዓይነት ሠርቶ ማወቁ ነው የሚፈለገው። ደንቡ ሠሪው ከባለሙያ እንዳይማርም አይከለክልም። አስተማሪ አንድ ሪቬት መትቶ ቢያሳይና ቀሪውን ሠሪው ቢመታ ሥራው የሠሪው ነው። ሠሪው ቡና እየጠጣ ባለሙያው ሁሉንም ቢመታና ክፍያ ቢቀበል ግን ያ ተግባር ከሠሪው ድርሻ ይቀነሳል። ወዳጅ ዘመድ ያለ ክፍያ ያገዘው ሥራ እንደ አማተር ሥራ ይቆጠራል።

«በሁለት ሳምንት ወደ ታክሲ»

ከፋብሪካ እገዛ መርሐ ግብሮች ሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው በዋሽንግተን ግዛት፣ በአርሊንግተን ከተማ የሚገኘው ግላስኤር «ስፖርትስማን» ለተባለው አውሮፕላኑ ያዘጋጀው ነው። እዚህ ላይ «ታክሲ» የከተማ መኪና አይደለም፤ አውሮፕላን በራሱ ሞተር መሬት ላይ መንቀሳቀሱን የሚገልጽ የአቪየሽን ቃል ነው። መርሐ ግብሩ ገዢው ለሁለት ሳምንት ያህል በፋብሪካው እንዲሠራ፣ በመጨረሻውም ቀን ሞተሩን አስነስቶ አውሮፕላኑን መሬት ላይ እንዲነዳ ተደርጎ የተዘጋጀ ነበር።

የስፖርትስማን አሠራር ለዚህ ያመቻል። አካሉ በተበየደ የብረት ቱቦ ላይ የሚለብስ ፋይበርግላስ ሲሆን ክንፉና ጅራቱ አሉሚኒየም ናቸው። ስለዚህ ሠሪው በአንድ ፕሮጀክት የላሜራም የፋይበርግላስም ሥራ ይማራል። ፍጥነቱ ግን ከሠሪው ቅልጥፍና የሚመነጭ አይደለም። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው በመሰርሰር ላይ ብቻ ሳይሆን መመሪያ በማንበብ፣ ዕቃ በመፈለግ፣ ማቀፊያ በመሥራት፣ የተሳሳተውን በማፍረስና የዘገየ ዕቃ በመጠበቅ ነው። በፋብሪካው ይህ ሁሉ አስቀድሞ ተሰናድቷል፤ ልምድ ያለው ባለሙያም አጠገቡ ስለሚቆም ስህተት ከመሠራቱ በፊት ይታረማል።

የ2008 ክርክር

በ2000ዎቹ አጋማሽ ውድና ፈጣን አውሮፕላኖችን ገዢው ብዙም ሳይነካቸው ሠርተው የሚያስረክቡ ባለሙያዎች መበራከታቸው አስተዳደሩን አሳሰበው። በ2008 እ.ኤ.አ. ጥብቅ ረቂቅ መመሪያ አወጣ። ረቂቁ አማተሩ ቢያንስ 20 በመቶውን በማምረት፣ ቢያንስ 20 በመቶውን ደግሞ በመገጣጠም እንዲሠራ የሚጠይቅ ነበር። የሙከራ አውሮፕላን ማኅበርና ኪት አምራቾች ተቃወሙ፤ ችግሩ ያለው ነባሩን ደንብ በማስፈጸም ላይ እንጂ ደንቡ ላይ አይደለም የሚል ነበር ክርክራቸው። በ2009 የወጣው የመጨረሻ መመሪያ የ20 በመቶውን ክፍፍል ትቶ፣ ሠሪው የተቀበለውን የክፍያ እገዛ ሁሉ እንዲያሳውቅ አደረገ። ሐሰተኛ ቃል ፈርሞ ማቅረብ በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል።

ማስረጃና ፈቃድ

ሠሪው የሥራ መዝገብና ፎቶግራፍ መያዝ አለበት። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ሠሪው ራሱ ትራፓኖ ይዞ የሚታይበትን ፎቶ ይመክራሉ፤ የክንፉ ፎቶ ብቻውን ማን እንደሠራው አይናገርምና። መርማሪው አብዛኛውን ክፍል አማተር መሥራቱን ካላመነ አውሮፕላኑ የአማተር ምድብ ፈቃድ አያገኝም፤ ባለቤቱም የበረራ ገደቡ የበረታ ሌላ ምድብ ለመፈለግ ይገደዳል። አስተዳደሩ ገምግሞ በዝርዝር ያወጣው ኪት መግዛት ይህን ስጋት ይቀንሳል። ዝርዝሩ ግን ስለ አብዛኛው ክፍል ብቻ የሚናገር እንጂ የኪቱን ጥራት የሚመሰክር አይደለም።

ፈቃድ ያገኘ አውሮፕላን በተወሰነ ክልል የሙከራ በረራ ያደርጋል፤ የተለመደው መጠን 25 ወይም 40 ሰዓት ነው። መንገደኛ ወይም ዕቃ በክፍያ ማጓጓዝ አይፈቀድለትም። ዋናው ሠሪ የዚያን አውሮፕላን ዓመታዊ ምርመራ ራሱ እንዲያደርግ የጠጋኝነት ምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል።

ወጪና ስጋት

እገዛው ከኪቱ ዋጋ በላይ የሚከፈልበት ነው፤ የጉዞና የማረፊያ ወጪም ይጨመርበታል። በዘርፉ አስቀድሞ ገንዘብ መክፈል የተለመደ በመሆኑ የአምራቹ የገንዘብ አቅም የገዢውም ጉዳይ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው አምራች ቫንስ እንኳ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የኪሣራ ጥበቃ ጠይቆ፣ ቀድመው ያዘዙ ደንበኞች በጨመረ ዋጋ እንዲቀጥሉ አድርጓል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ የአማተር አውሮፕላኖች አደጋ ዋና ምንጮች የሞተር ኃይል መጥፋትና በበረራ ላይ ቁጥጥር ማጣት መሆናቸውን አመልክቷል። ብዙዎቹም የሚደርሱት አውሮፕላኑ አዲስ ሳለ ወይም ለሁለተኛ ባለቤት በተሸጠ ማግስት ነው። ሁለተኛው ባለቤት አውሮፕላኑን አልሠራውም፤ የመጀመሪያው ሠሪ ያገኘው የጠጋኝነት ምስክር ወረቀትም አብሮ አይተላለፍለትም።